አዲስ የመንገድ መጋጠሚያ ንድፍና የሕዝብ ስምምነት፦ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት



ከዚህ ቀደም በነዚህ ገጾች ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝና ስለ ተፋሰስ ሥራ ተነጋግረናል። የዛሬው ትምህርት ስለ መንገድ መጋጠሚያ ነው። በግራና፣ በመርሳና በወልድያ ከሚገኙ የኮሚቴ አባላት ጋር በተገናኘን ቁጥር ተደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ ስላለ መረጥነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ሕዝቡ አይቶት የማያውቀው፣ ነገር ግን ሕይወትን የሚያድን የመንገድ ሥራ ሲታሰብ ምእመናን እንዴት ይቀበሉታል? ደግሞስ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

የትምህርቱ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መጋጠሚያ ለምን አደገኛ እንደሚሆንና የትኛው ንድፍ አደጋውን እንደሚቀንስ መረዳት። ሁለተኛ፣ ሰዎች አዲሱን ለምን እንደሚቃወሙ በአክብሮት ማወቅ። ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤ ደረጃ በደረጃ ሊሠራው የሚችለውን መለየት።

፩. ጉዳዩ ስለ ምን የእኛ ሆነ?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ከእነዚህ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚሞቱ ናቸው። ይህ ቍጥር ለእኛ ከወረቀት ያለፈ ነገር ነው። የፍትሐቱን ጸሎት የምናደርሰው፣ ሬሳውን የምንቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የምናጽናናው እኛ ነን። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ የቀረች እናት፣ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ሲሻገር የተገጨ ልጅ በየደብሩ ይታወሳሉ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ዋና መንገድ መርሳንና ወልድያን አቋርጦ ያልፋል። ወልድያ ላይ ደግሞ ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል የሚመጣው መንገድ ይገናኘዋል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ተሳቢ፣ የአገሩ ባጃጅና ጋሪ፣ ወደ ገበያ የሚነዳ ከብትና በነጠላዋ ተከናንባ ወደ ኪዳን የምትሄድ እናት በአንድ መጋጠሚያ ላይ ይገናኛሉ። ዋናው መንገድ ለሩቅ ተጓዥ መተላለፊያ ሲሆን ለከተማው ሰው ግን ደጃፉ ነው። አደጋው የሚወለደው ከዚህ ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቍጥር 8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ያላደረገ እንደሆነና ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናል። ሕጉ ለወደቀው ሰው ተጠንቅቀህ ብትሄድ ኖሮ አይለውም። ግንበኛውን አስቀድመህ አስብ ይለዋል። የመንገድ ደኅንነት ትምህርትም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሰው እንደሚሳሳት ታውቆ ስሕተቱ ሞት እንዳያስከትል ሆኖ መንገዱ ይሠራ።

፪. መጋጠሚያ ለምን ይገድላል?

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ፍጥነትና የግጭቱ አቅጣጫ።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበርር መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሽከርካሪው ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ያ ሁሉ ርቀት ይታለፋል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን በዚያው ሰከንድ የሚጓዘው 8 ሜትር ያህል ነው። ከዚህም በላይ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። በመኪና የተገጨ እግረኛ በ30 ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ60 ሲሆን ግን የመትረፍ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው።

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ አራት መንገዶች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተሽከርካሪዎች መሥመር የሚጋጭባቸውን ነጥቦች ባለሙያዎች ቈጥረዋል፤ 32 ናቸው። በዚያው ቦታ ባለ አንድ መሥመር አደባባይ ቢሠራ ነጥቦቹ ወደ 8 ይወርዳሉ። በእኛ አካባቢ እንደሚበዛው ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት መገንጠያ ደግሞ ከ9 ወደ 6 ይቀንሳሉ። ቅናሹ ትንሽ ቢመስልም በአደባባይ ውስጥ ፊት ለፊት መላተምና ከጐን መጥቶ መግጨት ይቀራል ማለት ይቻላል። የሚቀረው በዝግታ እየሄዱ ጐን ለጐን መነካካት ነው፤ መኪና ይላላጣል፣ ሰው ይተርፋል።

በአሜሪካ ከተራ መስቀለኛ መንገድነት ወደ አደባባይ በተለወጡ 24 ቦታዎች ላይ ተደርጎ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሰውን የሚጎዱ አደጋዎች በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሱ አሳይቷል። የዚያ አገር መንገድና አሽከርካሪ ከእኛ ይለያል፤ ነገር ግን የፍጥነትና የአቅጣጫ ሕግ በሁሉም አገር አንድ ነው።

፫. ንድፎቹ ምን ይመስላሉ?

አንደኛው ትንሹ አደባባይ ነው። መካከሉ ላይ ክብ ደሴት አለው፤ መግቢያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የሚገባው በውስጥ ለሚዞረው ቅድሚያ ይሰጣል። ይህ ቅድሚያ የመስጠት ደንብ ቀላል ይምሰል እንጂ ለአደባባይ ነፍሱ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1966 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ እስኪደነገግ ድረስ አደባባዮች ሲጨናነቁ ይቈለፉ ነበር።

ሁለተኛው በመንገዱ መካከል የሚሠራ የእግረኛ ማረፊያ ደሴት ነው። ተሻጋሪው በመጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተመልክቶ ይሻገራል፤ ደሴቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ወደ ሌላው አቅጣጫ ተመልክቶ ይጨርሳል። ለአረጋውያን፣ ልጅ ለታቀፉና ሸክም ለተሸከሙ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛው ከአስፋልቱ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ ዜብራ ነው። መሻገሪያም ፍጥነት መቀነሻም ይሆናል። አራተኛው የመንገዱን ማዕዘን ማጥበብ ነው። ማዕዘኑ ሰፊ ሲሆን መኪና ሳይቀዘቅዝ ይታጠፋል፤ ጠበብ ሲል ግን ለመታጠፍ መቀዝቀዝ ግድ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። በአዲስ አበባ ትልልቅ አደባባዮች እየፈረሱ በትራፊክ መብራት ሲተኩ አይተን የለምን? እኛ የተጣለውን ልናነሣ ነውን? የሚለው ነው። መልሱ ሁለቱ ነገሮች በስም እንጂ በግብር አንድ አለመሆናቸው ነው። የአዲስ አበባዎቹ ብዙ መሥመር ያላቸው፣ መግቢያቸው የሰፋ፣ መኪና በፍጥነት የሚዞርባቸው ነበሩ፤ ተሽከርካሪው ሲበዛ ይዘጋሉ፣ እግረኛውም መሻገሪያ ያጣል። ትንሹ አደባባይ ደኅንነት የሚሰጠው ጠባብና ባለ አንድ መሥመር በመሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ያላስረዳ ኮሚቴ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መልስ ያጣል።

፬. ሰዎች አዲሱን ለምን ይቃወማሉ?

የስዊድን ሕዝብ በ1955 እ.ኤ.አ. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ይቀየር ወይ ተብሎ ድምፅ ሲጠየቅ ከመቶ ሰማንያ ሦስት ያህሉ አይሆንም አለ። መንግሥት ግን ለውጡን መስከረም 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ፈጸመው፤ አስቀድሞም በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮ፣ በወተት ማሸጊያ ላይ ሳይቀር ሰፊ ትምህርት ሰጠ። ከለውጡ በኋላ በነበሩት ወራት አደጋ ቀነሰ፤ ሰው ሁሉ አዲሱን መንገድ ፈርቶ ተጠንቅቆ ነበርና። ቈይቶ ሲለመድ ግን ጥንቃቄው ላላ፣ አደጋውም ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው አዲስነት የሚሰጠው ጥንቃቄ አላፊ መሆኑን ነው። ጸንቶ የሚጠብቀን የመንገዱ ቅርጽ ራሱ ሊሆን ይገባል።

አገራችንም ይህን ለውጥ ከስዊድን ቀድማ አይታዋለች። በኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተጀመረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በቀኝ መንዳትን እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው የለም።

ስለ አደባባይም የተደረገ ጥናት አለ። በአሜሪካ በሦስት ግዛቶች አደባባይ ከመሠራቱ በፊት ሐሳቡን የደገፉት አሽከርካሪዎች ከመቶ 31 ነበሩ፤ ተሠርቶ ከተጠቀሙበት በኋላ ደጋፊዎቹ 63 ሆኑ። ሰው ያላየውን ይጠራጠራል፤ አይቶ ሲጠቀምበት ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ተቃውሞ ሁሉ ካለማወቅ አይመጣም። ኮሚቴው ሁለቱን ዓይነት ተቃውሞ ለይቶ ማወቅ አለበት። አንዱ «አላውቀውም» የሚል ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ማሳየትና ማስለመድ ነው። ሌላው «ይጎዳኛል» የሚል ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ንድፉን ማሻሻል ወይም ጉዳቱን መካስ ነው። «ይጎዳኛል» ላለ ሰው ትምህርት ብቻ መስጠት እህል ለተራበ ምክር እንደ መስጠት ነው።

፭. እኛ የሳትነው

ይህን የተማርነው በራሳችን ስሕተት ስለሆነ ሳንሸሽግ እንናገራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ የመጋጠሚያ ማሻሻያ በሚያስተባብር ኮሚቴ ውስጥ አገለገልን። የዕድር ዳኞችንና የየማኅበሩን ሰብሳቢዎች ጠርተን በወረቀት የተሣለውን ንድፍ አሳየን። ተጨበጨበ፤ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። ሕዝቡ ተስማምቷል ብለን ጻፍን። ሥራው ተጀምሮ የማዕዘኑ ድንጋይ ከተደረደረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ድንጋዮቹ በሌሊት ተነቅለው ተገኙ።

የመጀመሪያው ቃላችን «ሕዝቡ አልገባውም» የሚል ነበር። በኋላ ተቀምጠን ስንጠይቅ ያልገባን እኛ ሆነን ተገኘን። ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ የባጃጅ ነጂዎች ተራ የሚጠብቁበት ነበር። ከዛፉ ጥላ ሥር ቡናና ሽንኩርት የሚቸረችሩ እናቶችም ነበሩ። ከእነዚህ አንዳቸውም ወደ ስብሰባው አልተጠሩም። ሰብሳቢዎቹ በእነርሱ ስም አጨበጨቡ እንጂ አልጠየቋቸውም። ሥራው ለወራት ቆመ። በዚያ በቆመበት ጊዜ በዚያው መጋጠሚያ አንድ ተማሪ ተገጭቶ ዐረፈ። ልጁን የገጨው አሽከርካሪ ነው፤ ነገር ግን ቸኩለን ባናበላሸው ኖሮ ማዕዘኑ ጠብቦ ነበር። በፍትሐቱ ላይ ቆመን ይህን አስበናል፤ ዛሬም አልረሳነውም።

በኋላ ሥራው ሲቀጥል ቸርቻሪዎቹ እናቶች አንድ ነገር ነገሩን። ዜብራው የታሰበበት ቦታ ላይ ሰው አይሻገርም፤ ሰው የሚሻገረው ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው አሉ። ሄደን ብንቈጥር እንዳሉት ሆነ። ዜብራው ተዛወረ፤ ለባጃጅ ተራም ቦታ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ የነቀለ የለም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መበለቶቻቸው በዕለቱ አገልግሎት ችላ ስለተባሉባቸው ያንጐራጐሩ ነበሩ። ሐዋርያት ማንጐራጐሩን እንደ ዐመፅ አልቈጠሩትም፤ ጉባኤውን ጠሩ፣ ምርጫውንም ለጉባኤው ሰጡ። የዲቁና አገልግሎት የተመሠረተው ቅሬታን ከመስማት መሆኑን ልብ እንበል።

፮. በአዲስ አበባ የተሞከረው መንገድ

አዲስ አበባ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሉምበርግ ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት መርሐ ግብር ከታቀፉ ከተሞች አንዷ ነበረች። በዚህ ሥራ እንደ ለገሐርና መርካቶ አጠገብ እንደሚገኘው ሰባተኛ ባሉ መጋጠሚያዎች ላይ ጊዜያዊ ንድፍ ተሞክሯል። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የእግረኛው ቦታ በቀለም ይሠመራል፤ የፕላስቲክ ሾጣጣዎችና የአበባ ማስቀመጫዎች ይደረደራሉ፤ ማዕዘኑ ይጠብባል፤ የመሻገሪያው ርዝመት ያጥራል። ሕዝቡ ይሄድበታል፤ ባለሙያው ይለካል፤ ጉድለቱ በቀለምና በብሩሽ ይታረማል። ቋሚው ግንባታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተካሄደው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው መርሐ ግብርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ለጥቂት ሰዓታት መንገዱ ከመኪና ነጻ ሆኖ ልጆች ሲጫወቱበት ያየ ሰው መንገድ ለመኪና ብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን ያለ ብዙ ስብከት ይረዳል።

የሙከራ ትልቁ ጥቅም መመለስ የሚቻል መሆኑ ነው። ሰው ወደ ኋላ ሊመለስበት የሚችለውን ነገር ለመሞከር አይፈራም።

፯. የሰበካ ጉባኤው ሥራ ደረጃ በደረጃ

ሀ/ መረጃ መሰብሰብ። በየደብሩ ቀብር የሚመዘገብበት መዝገብ አለ፤ ዕድሮችም የየራሳቸው አላቸው። ያለፉትን ዐሥር ዓመታት መለስ ብሎ በመንገድ አደጋ ያረፉትን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ብቻ መጻፍ ይቻላል። የሟቾች ስም አይወጣም፤ የቤተ ሰቡ ሐዘንም አይነካም። ይህ ዝርዝር ከትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ያሳምናል።

ለ/ ቆሞ መቍጠር። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በገበያ ቀንና በአዘቦት፣ በጠዋትና በማታ ሰው የት እንደሚሻገር ይቍጠሩ። ከመንገዱ ዳር ርቀው በአስተማማኝ ቦታ ይቁሙ።

ሐ/ ሁሉን መጠየቅ። ባጃጅ ነጂ፣ የተሳቢ አሽከርካሪ፣ ባለጋሪ፣ ቸርቻሪ፣ ተማሪ፣ ዐይነ ስውር፣ በክራንች የሚሄድ ሰው፣ ሁሉም ይጠየቅ። በወሎ መንገዱ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስለሆነ ሼኾችና ኢማሞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይቀመጡ። ውሳኔ ካለቀ በኋላ ማሳወቅ መጋበዝ አይባልም።

መ/ በሜዳ ላይ ማሳየት። በትምህርት ቤት ሜዳ ወይም በሰፊ ቅጽር ላይ ንድፉን በትክክለኛ ልኩ በኖራ ማሥመር ይቻላል። ባጃጅ ነጂው ይዙርበት፤ ልጆቹ ይሻገሩበት፤ አረጋውያን ደሴቱ ላይ ይቁሙ። ወረቀት ላይ ያለን ንድፍ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ በኖራ የተሠመረውን ግን ሁሉም ያነበዋል።

ሠ/ ለባለ ሥልጣን ማቅረብ። ዋናው መንገድ በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ኃላፊነት ነው፤ የከተማው ውስጥ መንገድ ደግሞ የከተማው አስተዳደር። ኮሚቴ በራሱ ሥልጣን በመንገድ ላይ ድንጋይ ሊያስቀምጥ፣ ቀለም ሊቀባ ወይም ጉብታ ሊሠራ ፈጽሞ አይገባም። ምልክት የሌለው ጉብታ በሌሊት ሰው ይገድላል። የእኛ ሥራ ጥያቄውን፣ መረጃውንና የሕዝቡን ስምምነት ይዞ መቅረብ ነው።

ረ/ ከተሠራ በኋላ መከታተል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ መጋባት ይኖራል። ትራፊክ ፖሊስ እንዲቆም መጠየቅ፣ ከቅዳሴ በኋላ ባለው ማስታወቂያ ማስረዳት፣ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላም ቍጥሩን ለሕዝቡ መልሶ መንገር ያስፈልጋል። ውጤቱ ካልሰመረም ይኸው በግልጽ ይነገር።

፰. መጠንቀቅ የሚገባን

አዲስ ስለሆነ ብቻ ማንኛውም ንድፍ መልካም አይሆንም። አደባባይ ላይ መኪና በቀይ መብራት ስለማይቆም ለዐይነ ስውራን መሻገር ይከብዳል። በየጉባኤ ቤቱ ዐይነ ስውራን የኔታዎችና ተማሪዎች ያሉን እኛ ይህን ልንዘነጋ አይገባም፤ መሻገሪያው ከፍ ያለና መኪናው የሚቀዘቅዝበት እንዲሆን እንጠይቅ። ተሳቢዎች የሚበዙበት መጋጠሚያ ላይ የደሴቱ ዳር የኋላ ጎማ ሊወጣበት በሚችል ዝቅተኛ ንጣፍ ካልተከበበ ደሴቱ ይፈርሳል፣ ወይም ተሳቢው ይቈለፋል።

ለካህናት የሚቀርብ አንድ ጥያቄም አለ፤ በጥምቀት ታቦታቱ በዚያ መጋጠሚያ ሲያልፉ ሕዝቡ በደሴቱ ዙሪያ አይጨናነቅምን? ይህ ንድፉ ሳይጸድቅ መነሣት ያለበት ጥያቄ ነው። ደሴቱ ዝቅ ብሎ ሊሠራ፣ ተነቃይ ምሰሶ ሊደረግለት ወይም የጉዞው መሥመር አስቀድሞ ሊታሰብበት ይችላል። በጊዜው ያልጠየቅን እንደሆነ ጥያቄው በበዓሉ ዕለት በጭንቅ ይመጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጭበት መጋጠሚያ የቱ ነው? ይህን የምናውቀው በምንድን ነው?

2. በመጨረሻው ስብሰባችን ላይ ስለ መንገድ ስንነጋገር ያልተጠሩት እነማን ነበሩ?

3. ከሰማናቸው ተቃውሞዎች ውስጥ «አላውቀውም» የሚሉት የትኞቹ፣ «ይጎዳኛል» የሚሉትስ የትኞቹ ናቸው?

4. በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኖራ አሥምረን ልናሳየው የምንችለው ንድፍ የትኛው ነው? ለዚህ ማንን ማስፈቀድ ይገባናል?

ውድ አባቶችና ወንድሞች፣ እናቶችና እኅቶች፤ እነዚህን ጥያቄዎች በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ ላይ እንድትወያዩባቸው በትሕትና እንጠይቃለን። መልሶቻችሁን፣ በተለይም ከዚህ ትምህርት ጋር የማይስማሙትን፣ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም ተምረንባቸው እንመለሳለን። በአንድ መጋጠሚያ ላይ የአንድ ልጅ ሕይወት ቢተርፍ ስሙን አናውቀውም፤ ፍትሐቱን ግን አናደርስም። ለዚህ መድከም ይገባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።